በሁዳዴ የታረዱት ሰባት ዶሮዎች

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው ነግሬዋለሁ። በስልጠና መሀል፣ በመኪና መንገድ ላይ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም በሠርግ ቤት። ሁልጊዜ የምጀምረው «አንዲት የማውቃት የግብርና ሠራተኛ ነበረች» ብዬ ነው። የሚሰሙኝ ሰዎች በዚያች ሴት ይበሳጫሉ። እኔም አብሬ እበሳጫለሁ፤ «ምን ዓይነቷ ናት!» ብዬ አፌን እይዛለሁ። ዛሬ ግን ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ያው ውሸት አልወጣ አለኝ። ያቺ የማውቃት የግብርና ሠራተኛ እኔ ነኝ።

ጊዜው ደባርቅ የዞን ከተማ ከመሆኗ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደባርቅ ተወልጄ ደባርቅ አድጌ፣ በእንስሳት እርባታ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ወደ ዳባት ከሚወስደው ዋና መንገድ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቀበሌ ተመደብኩ። ስሜ ባንቺአምላክ ነው፤ የቀበሌው ሰው ግን «ግብርናዋ» ይለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር ስሙ። ሰው ነገሩን ሳይጨርስ መልሱን የማውቅ የሚመስለኝ ዓይነት ልጅ ነበርኩ። ማስታወሻ ደብተር በደረቴ ታቅፌ፣ በዚያ ጭቃ ላይ ነጭ ጫማ አድርጌ ስሄድ ያየ ሰው ሁሉ ምን ይል እንደነበር አሁን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በየካቲት መጀመሪያ አለቃዬ ጠራኝና «ባንቺ፣ ሃምሳ የአንድ ቀን ጫጩት ይመጣልሻል። የድርቆሽ ሣጥኑም አብሮ ይመጣል» አለኝ። የድርቆሽ ሣጥን ማለት መብራት በሌለበት አገር ጫጩት የሚሞቅበት፣ ዙሪያው ድርቆሽ የታጨቀበት የእንጨት ሣጥን ነው። ለአንዲት ጎበዝ ሴት ይሰጣል፤ ወር ሲሞላው ጫጩቶቹን የሚለግሱት እንግዶች መጥተው ያያሉ፤ ጫጩቶቹ አምረው ከተገኙ በማኅበር ለተደራጁት ሃያ ሴቶች ሁሉ ይሰጣል። ካልሆነ ዕድሉ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል።

ጎበዝ ሴት ፍለጋ አልተቸገርኩም። እትዬ አጀቡሽ ነበረች። አርባዎቹን የጀመረች፣ ቀጭን፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ባል የላትም፤ ከታላቅ ወንድሟ ከአያ ፈንታ ጋር ነው የምትኖረው። እሳቸው ማረስ ስለማይችሉ መሬታቸውን በእኩል ለሰው ሰጥተዋል። የእጇ ሀብት ስምንት የሐበሻ ዶሮዎች ነበሩ። ቀበሌውን ዙሩ ብትባሉ እንደሷ ዶሮዎች የሚያምር አታገኙም፤ ላባቸው ያብለጨልጫል፣ ስትጠራቸው እጇ ላይ ይወጣሉ። ለፋሲካ ገበያ ደባርቅ አውጥታ ልትሸጣቸው፣ ክረምት ሳይገባ የሚያፈሰውን የሳር ጣሪያ በቆርቆሮ ልትለውጥ ነበር ሃሳቧ። አንዷን ወሰራ ብቻ፣ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉሯን፣ «እሷ አትሸጥም» ትላለች።

አያ ፈንታ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው የቃጫ ገመድ ይገምዳሉ። ሁለት ዱላ ከጎናቸው አይጠፋም። መጀመሪያ ሰሞን ቀስ ብዬ «በልጅነታቸው የያዛቸው ነገር ነው?» ብዬ እትዬ አጀቡሽን ጠየቅኋት።

«ጓያ ነው» አለችኝ። «በድርቁ ጊዜ ሌላው እህል ሁሉ ከዳን፣ ጓያ ብቻ ቀረ። ለወራት ጓያ ብቻ በላን። እኔን ማረኝ፤ እሱን ሰበረው። ያኔ ጎረምሳ ነበር፣ ዘፋኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ጓያ የሚባል ነገር በበሯ አላለፈም። ጎረቤቱ ሁሉ ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ ከሌላ እህል ቀላቅሎ ይበላዋል። እሷ ግን ጭዱን እንኳ ለአህያዋ አትሰጥም። ጓያ በተዘራበት ማሳ መሀል መንገድ ቢኖር ዞራ ነው የምትሄደው። እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ በእኛ ብርድ ጓያ ብዙም አይዘራም፤ ነገሩ ሁሉ አጉል ፍርሃት መሰለኝ። ማሳ መሀል ማለፍ እግር አይሰብርም፤ ይኼ እውነት ነው። እሷ ከምትፈራው አንዱ ትክክል አለመሆኑን ስላወቅሁ ሌላውም ትክክል አይደለም ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ያስፈልገኛል። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሴቶቹን ሰብስቤ «በጾም እንቁላል አይበላ፤ ለምን ዶሮዎቹን አታስታቅፏቸውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ተያዩና እትዬ አጀቡሽ መለሰች።

«የጓያ አውድማ እስኪነሳ አናስታቅፍም። በዚህ ሰሞን የተፈለፈለ ጫጩት እግሩ አይጸናም።»

«አውድማው ላይ የእናንተው ዶሮዎች ሲለቅሙ ይውሉ የለም እንዴ? ምን ሆኑ?»

«ትልልቆቹማ ምንም አይሆኑም» አለች።

ሳቅሁ። ደብተሬን አውጥቼ «ጎጂ ልማዶች» በሚለው ገጽ ሥር ጻፍኩት። ተራ ቁጥር አራት ነበር።

ጫጩቶቹ ሁዳዴ ከገባ በኋላ መጡ። ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ጩኸታቸው ቤቱን የሞላው። እትዬ አጀቡሽ እንደ እንግዳ ተቀበለቻቸው፤ ውሃውን ለብ አድርጋ፣ ሣጥኑን ከነፋስ ሸሽጋ። የራሷን ዶሮዎች ከጓሮ በአጥር ለየቻቸው። አብሯቸው የመጣው የፋብሪካ መኖ ለሳምንት ሆነ። በሳምንቱ ውስጥ የክንፍ ላባ አወጡ፤ በወጥ ቤት ሚዛን ስመዝናቸው ወረቀቱ ላይ ካለው ይበልጡ ነበር። ልቤ አበጠ።

መኖው አለቀ። ለአለቃዬ ስነግረው «እዚያው ቀላቅይ፣ አሠራሩ ወረቀቱ ላይ አለ» አለኝ። ወረቀቱ በቆሎ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የቀረ የኑግ ፋጉሎ፣ የተቆላ ባቄላ፣ የአጥንት ዱቄት፣ ትንሽ ጨው ይላል። በገበያ ቀን ደባርቅ ወጣሁ። ፋጉሎ የለም። ጎንደር መሄድ ይቻል ነበር፤ በማግስቱ ተመልሼ እደርስ ነበር። ሰነፍኩ። እዚያው እህል ተራ ቆሜ ሳለ ዓይኔ ጓያ ላይ አረፈ። ክምር ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጥራጥሬ ስለሆነ ገንቢ ነው። ዶሮዎቹ አውድማ ላይ ሲለቅሙት በዓይኔ አይቻለሁ። በቃ፤ ገብስና ጓያ እኩል ለእኩል አስፈጨሁ።

እትዬ አጀቡሽ ከረጢቱን ፈታ በእፍኟ ዘገነች።

«ምን ምን አለበት?» አለችኝ።

ልብ በሉ፣ ጠየቀችኝ። ጓያ ብላት መኖውን ከነከረጢቱ ከበር ውጭ እንደምታስቀምጠው አውቃለሁ። ክርክሩ ደከመኝ። እንዲያው ለአንዲት ገበሬ ሴት ፍርሃት ብዬ ሥራዬን ላጓትት?

«ገብስና አተር» አልኳት። ምላሴ እንኳ አልተያዘም።

«አተር ደኅና ነው» አለችና ለጫጩቶቹ ረጨችላቸው። ተንጫጭተው ለቀሙት።

በአራተኛው ቀን ስመዝናቸው ብዙም አልጨመሩም። በስድስተኛው ቀን አንዳንዶቹ ቀንሰዋል። ክንፋቸው ረዝሟል፤ አካላቸው ግን ባለበት ቆሟል፤ የትልቅ ሰው ካፖርት የለበሰ ሕፃን ይመስላሉ። ሌላ ሰው ቢሆን «መኖው ይሆን?» ይል ነበር። እኔም አልኩ፤ ግን መልሴ «ገንቢ ምግብ አንሷቸው ነው» የሚል ሆነ። ሁለተኛውን ከረጢት ሳስፈጭ ጓያውን ሁለት እጅ አደረግሁት። እትዬ አጀቡሽን ደግሞ «እጅሽን አትሰስቺባቸው» ብዬ መከርኳት።

እንግዶቹ ሊመጡ አራት ቀን ሲቀር፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እትዬ አጀቡሽ የምኖርበት ክፍል ድረስ መጣች። ነጠላዋን አላስተካከለችም።

«ባንቺ፣ ነይ እስቲ። ጫጩቶቹ ሰማይ ሰማይ ያያሉ» አለችኝ።

መንገዱን እየሮጥን ሄድን። ሣጥኑን ስትከፍተው ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም። አንገታቸው ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ምንቃራቸው ወደ ላይ ቀርቷል። ሊቆሙ ይሞክራሉ፣ ይገለበጣሉ፣ በክንፋቸው መሬቱን እየመቱ ይሽከረከራሉ። ስድስቱ ሞተዋል። የቀሩት ይጮሃሉ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ዓይነት ጩኸት ግን አይደለም።

ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታም አንገት ይጠመዝዛል። ለሰው ሁሉ «መጀመሪያ የመጣላት ፈንግል ነው» እያልኩ ነበር የምናገረው። ውሸት ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ ጓያው ነው። ሁለተኛ የመጣልኝ አለቃዬ ነው። ፈንግል ሦስተኛ ነው የመጣው፤ ሲመጣ ግን እፎይ አልኩ።

ኔትወርክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ስለሆነ ሽቅብ ወጥቼ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኩት።

«መኖው ምንድን ነበር?» አለኝ አለቃዬ።

«ወረቀቱ ላይ ያለው።»

«እንግዲያው ፈንግል ነው። ግቢው ውስጥ የሐበሻ ዶሮ አለ?»

«ስምንት አለ። ግን ምንም አልሆኑም።»

«ሳይታመሙ ይሸከማሉ፤ ይኼን እኔ ነኝ የምነግርሽ? ወደ ሌላው ቤት ሳይዛመት ዛሬውኑ ታርደው ይቀበሩ። አይበሉ፣ ላባቸውም አይነሳ። ሰምተሽኛል?»

«እሺ» አልኩ። እዚያ ኮረብታ ላይ ማንም አልነበረም። ስልኩን መልሼ ደውዬ «ቆይ፣ አንድ ነገር አለ» ማለት እችል ነበር። ባትሪም ነበረኝ። ቁልቁል ስወርድ ለራሴ የነገርኩትን ልንገራችሁ? ምናልባት እውነትም ፈንግል ይሆናል አልኩ። ለዶሮዎቹም ኋላ መላ ይፈለግላቸዋል አልኩ። እንዲህ እያልኩ ግቢው ደረስኩ።

ትዕዛዙን ስነግራት እትዬ አጀቡሽ ቆማ ሰማችኝ።

«የኔ ዶሮዎች ደኅና ናቸው እኮ» አለች። «አንዷ እንኳ አላስነጠሰችም። ካልታመሙ በምን አስያዙ?»

«በሽታውን ሳይታመሙ ይሸከማሉ» አልኳት። የአለቃዬን ቃል ነበር የደገምኩላት።

ወሬው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ የማኅበሩ ሴቶች አጥር ጥግ ተሰብስበዋል። ሹክሹክታው ይሰማኛል። «ከሷ ዶሮዎች ነው የመጣው» ትላለች አንዷ። «ለሃያችንም አልሆነ እንግዲህ» ትላለች ሌላዋ፣ ድምጿን ሳትቀንስ። እትዬ አጀቡሽ ዞር ብላ አየቻቸው። ከነዚህ ሴቶች ጋር ማኅበር ጠጥታለች፣ አብራ ደግሳ አብራ ቀብራለች።

ማን ይረድ? በእኛ አገር ሴት አታርድም። የቤቱ ወንድ አያ ፈንታ ናቸው።

«በሁዳዴ?» አሉኝ ገመዱን እግራቸው ሥር አስቀምጠው። «ልጄ፣ በሁዳዴ ቢላዋ አንስቼ አላውቅም። አባቴም አላነሳም።»

«ትዕዛዝ ነው፣ አያ ፈንታ። ለመብላት አይደለም፤ ለጤና ነው።»

«ለመብላት ካልሆነ ደግሞ የባሰ ነው» አሉ። ግን ቢላዋውን ጠየቁ። መንግሥት ያለውን እምቢ የማይሉ ሰው ናቸው። ጎረቤት ጉድጓድ ቆፈረ። ዱካቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ተቀመጡ።

እትዬ አጀቡሽ እየጠራች አንድ በአንድ አመጣቻቸው። መያዝ አላስፈለጋትም፤ እህል የምትሰጣቸው መስሏቸው ራሳቸው መጡ። አያ ፈንታ በእያንዳንዷ ላይ «በስመ አብ» ይላሉ፣ ያማትባሉ፣ ያርዳሉ። ሁለቱ ቀያዮች። ሁለቱ ገብስማዎች። ዛጎልማዋ። ጥቁሯ። ነጩ አውራ። እኔ ደብተሬን ይዤ ቆሜያለሁ። በእያንዳንዷ መሀል ዝም የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ በእያንዳንዱ ዝምታ አፌን ልከፍት እልና «አሁን ብናገር የቀደሙትን ምን ልል ነው?» እላለሁ። አንዷ ስትታረድ የሚቀጥለውን መናገር የበለጠ ይከብዳል። ሰባት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

ወሰራ ቀረች። እትዬ አጀቡሽ ታቅፋት ቆመች እንጂ አላቀበለችም።

በዚህ መሀል ከተከፈተው ሣጥን አንዲት ጫጩት ወጥታ ግቢው መሀል መጣች። አንገቷ ደኅና ነው፤ እግሯ ግን አልታዘዝ ብሏታል። አያ ፈንታ ቢላዋውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ያዩዋት ጀመር። ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«አጀቡ፣ ያችን ጫጩት ወደዚህ አምጪልኝ እስቲ» አሉ።

አመጣችላቸው፤ መሬት ላይ አኖሯት። ጫጩቷ በጣቶቿ ጫፍ ቆመች። አንድ እርምጃ ሄደች፤ ቀኝ እግሯ ግራውን ተሻግሮ ቆለፈውና በደረቷ ወደቀች። ተነሳች። እንደገና በጣቶቿ ጫፍ ቆመች፣ እንደገና እግሮቿ ተቆላለፉ።

አያ ፈንታ ሁለቱን ዱላቸውን አንስተው ቆሙ። እሳቸውን ካወቅሁ ጀምሮ ሰው እያያቸው ሲራመዱ አይቼ አላውቅም፤ እንግዳ ሲመጣ ቀድመው ነው የሚቀመጡት። ያን ቀን ግን በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ከጫጩቷ ጎን ሄዱ። በጣቶቻቸው ጫፍ፣ ቀኝ ጉልበታቸው ግራውን እየቆለፈው፣ ሦስት እርምጃ።

«እዩኝ» አሉ። «እሷንም እዩዋት።»

«ፈንግል አይቻለሁ» አሉ። «ፈንግል ያደክማል፣ ያስቀምጣል። ይቺ አልደከማትም። መሄድ ትፈልጋለች፤ እግሯ ነው እምቢ ያላት። ይኼን እኔ አውቀዋለሁ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ቁጣ አልነበረበትም። «ልጄ፣ መኖው ጓያ አለበት?»

ያኔ «አዎ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ትንሽ ቀና ብዬ እጽፈው ነበር። አላልኩም። ጫማዬን አየሁ። እትዬ አጀቡሽ ወሰራን መሬት አስቀምጣ ገባች፤ ከከረጢቱ ዘግና ወጣች። መዳፏ ላይ ውሃ ጠብ አደረገችበት፣ አሸተተችው፣ በምላሷ ጫፍ ቀመሰችው። ያን ጣዕም ለወራት በልታዋለች። ተፋችው።

«ቢላዋውን አስቀምጠው፣ አያ» አለች።

ከረጢቱን አውጥታ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ፣ በዶሮዎቿ ላይ ደፋችው። ከዚያ ቤት ገብታ በጾሙ ያጠራቀመችውን እንቁላል ቀቅላ፣ ፈርፍራ፣ ለተረፉት ጫጩቶች በጣቷ ታጎርሳቸው ጀመር። አጥሩ ጥግ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ሄዱ። እኔም ሄድኩ። ማንም ሂጂ አላለኝም፤ ማንም ቁጭ በይ አላለኝም።

በማግስቱ ኮረብታው ላይ ስወጣ አለቃዬ ደወለ። «ሪፖርቱን ጨርሺ። ምክንያት ፈንግል፤ መነሻ የግቢው የሐበሻ ዶሮዎች። ተረካቢዋን አስፈርሚ።» ጻፍኩት። አሁንም ጻፍኩት እላችኋለሁ፤ ያን ሁሉ አይቼ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። የጣት ቀለሙን ይዤ ቅዳሜ ሄድኩ።

ከሃምሳው አሥራ ዘጠኙ ተርፈው ነበር። መኖው ሲለወጥላቸው አንገታቸው ተቃንቷል፤ የአንዳንዶቹ እግር ግን ገና ነው። እትዬ አጀቡሽ ወረቀቱን ስሰጣት ማንበብ አትችልምና ገልብጣ አየችው። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች። ከዚያ ጣቷን አየር ላይ አቁማ «አንብቢልኝ» አለች።

«ቀን» ብዬ ጀመርኩ። «ቦታ። የተረካቢ ስም።» «ምክንያት» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። አያ ፈንታ በር ላይ ገመዳቸውን ይገምዳሉ፤ ቀና አላሉም። እሷ ጠበቀችኝ። ጣቷ ላይ ያለው ቀለም እየደረቀ ነበር።

ወረቀቱን አጣጠፍኩትና ሌላ ንጹሕ ወረቀት አወጣሁ። እንባዬ ይወርዳል፤ አልደበቅሁትም። እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ እያነበብኩ ጻፍኩ። ምክንያት፣ እኔ በጥሬው ፈጭቼ የቀላቀልኩት ጓያ። ተረካቢዋ ምን እንዳለበት ጠይቃኝ አተር ነው ብዬ ዋሽቻታለሁ። የተረካቢዋ ዶሮዎች ጤነኞች ነበሩ።

«እሱን ድገሚው» አለች።

«የተረካቢዋ ዶሮዎች ጤነኞች ነበሩ።»

«ስንት እንደነበሩ፣ ምን ምን እንደነበሩ ጻፊ።»

ሁለት ቀይ፣ ሁለት ገብስማ፣ አንድ ዛጎልማ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ አውራ ብዬ ጻፍኩ። ኋላ ቢሮ ውስጥ በዚህ ብዙ ተሳቀ፤ የዶሮ መልክ የተዘረዘረበት ሪፖርት አይተን አናውቅም ተባለ። እሷ ግን ጣቷን እንደገና ቀለም ነክራ ፈረመችልኝ።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ለሴቶቹ ታነቢላቸዋለሽ» አለች። «ቢሮሽ አያውቀኝም። እኔን የሚያውቁኝ እነሱ ናቸው።»

እሁድ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ በቆሙት ሃያ ሴቶች ፊት አነበብኩት። ያን ጊዜ የነበረኝን ፊት አላየሁትም፤ እነሱ ግን አይተውታል። «ከሷ ዶሮዎች ነው የመጣው» ያለችው ሴት አልፋ ሄዳ የእትዬ አጀቡሽን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች፤ እትዬ አጀቡሽ ቀና አደረገቻት። ወደ እኔ የመጣ ሰው አልነበረም። ቤታቸው ድረስ ተከትያቸው ሄጄ አያ ፈንታ ፊት ተንበረከክሁና «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አሉ። ገመዳቸውን አነሱ። ከገመዳቸው ቀና ሳይሉ «እኔ ሌላ እህል አጥቼ ነው የበላሁት» አሉ። «እነሱ ግን አንቺን አምነው ነው።»

እንግዶቹ ሌላ ቀበሌ ሄዱ። ደመወዜ ተቀጣ፤ እኔም ድብ ባሕር ወደሚባል ቀበሌ ተዛወርኩ። ይኼ ቀላሉ ነው። የከበደኝ ክረምቱ ነበር። እኔ ድብ ባሕር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ዝናቡ ሲያንኳኳ፣ በዚያ ዓመትም በሳር ጣሪያዋ ሥር ያለችው እትዬ አጀቡሽ የትኛው ጥግ ላይ ጎድጓዳ ሳህን እንደምትደቅን እያሰብኩ ነው የከረምኩት።

በኋላ ብዙ አነበብኩ፤ ማንበብ መቼም አልተውኩም። ጓያ ውስጥ ነርቭ የሚጎዳ ነገር አለ፤ ጫጩትን አያሳድገውም፣ ሲበዛበትም እግሩንና አንገቱን ይይዘዋል፤ ትልቅ ዶሮ ግን ይችለዋል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል እንጂ ሁሉንም አያጠፋውም። ይኼ ሁሉ መጽሐፍ ላይ አለ። የእኔ ደብተር ላይም ነበር፤ «ጎጂ ልማዶች»፣ ተራ ቁጥር አራት። በራሴ እጅ ጽፌው በራሴ እጅ «ጎጂ» ብዬ ፈርጄዋለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች ከዚህ ምን ትማሩ ይሆን፣ አላውቅም፤ ልስበክላችሁም አልፈልግም። ያለማወቄን ሰው ይቅር ይለኛል፤ እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ግን ጠይቃኛለች። ዱቄቱን በእፍኟ ይዛ፣ ዓይኔን እያየች «ምን ምን አለበት?» ብላ ጠይቃኛለች። እዚያ ላይ ዕድሜዬ ምንም አያደርግልኝም። አሁንም ሴቶችን ሳሰለጥን የመኖውን ከረጢት ፈትቼ መጀመሪያ በእጃቸው እንዲዘግኑት፣ እንዲያሸቱት አደርጋለሁ። ሲጠይቁኝ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ብዙ ጊዜ ነው የምለው።

በዓመቱ ከፋሲካ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ራሴ ከጫጩትነታቸው ጀምሬ ያሳደግኋቸውን ሁለት ቄብ ዶሮዎች ይዤ ያን የእግር መንገድ ሄድኩ። ወሰራ ግቢው መሀል ጫጩቶቿን አስከትላ ትጭራለች። አያ ፈንታ በዱካቸው ላይ ሆነው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። እትዬ አጀቡሽ ወጣች። እግራቸው በገመድ እንደታሰረ ፊቷ አስቀመጥኳቸው። አልነካቻቸውም።

«ምን እየበሉ ነው ያደጉት?» አለችኝ።

አንድ በአንድ ነገርኳት። በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የተቆላ ባቄላ፣ የአጥንት ዱቄት፣ ጨው። በሁለተኛው ወር ፋጉሎው ያለቀበትን ሳምንት፣ ያን ሳምንት በምን እንዳሳለፍኳቸውም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ፤ ከዚያ ነው ጎንበስ ብላ የእግራቸውን ገመድ የፈታችው።